ለአንድ ጓሮ ሦስት ዋጋ፦ የሽቦ አጥር በእርግጥ ስንት ያወጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዛን። ጓሮው ክፍት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ፣ የጎረቤት ውሻም ይገባል። ቼይን ሊንክ የሚባለውን የሽቦ አጥር ላሳጥር ፈልጌ ነበር። ርዝመቱ 150 ጫማ፣ ከፍታው 4 ጫማ፣ አንድ የሰው መግቢያ በር አለው። ሦስት ሰዎች ዋጋ ሰጡኝ። አንዱ 2,400 ዶላር፣ አንዱ 3,750፣ አንዱ 5,400። ሽቦ ያው ሽቦ አይደለም እንዴ? የቱ ነው የሚያታልለኝ? ባለቤቴ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በደቦ እንጨርሰዋለን ይላል።»

እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ፤ ሦስቱም ሐቀኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋጋ የሰጡሽ ግን ለአንድ አጥር አይደለም። ሦስት የተለያየ አጥር ነው በሦስት ወረቀት የመጣልሽ፤ ሁሉም ላይ «150 ጫማ ቼይን ሊንክ» ተብሎ ስለተጻፈ አንድ መስሎ ታየሽ። እዚሁ ሞንትጎመሪ ካውንቲና አካባቢው 14 ዓመት አጥር ስተክል ቆይቻለሁ። ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ዋጋ ያወዳድራል፣ ዕቃ አያወዳድርም።

እስቲ በጫማ እናካፍለው። 2,400 ማለት በጫማ 16 ዶላር ነው። 3,750 በጫማ 25 ይሆናል፣ 5,400 ደግሞ 36። በእኛ አካባቢ ባለ 4 ጫማው ተራ አጥር፣ ያ ዚንክ የተነከረው ብርማው ሽቦ፣ ከነተከላው በጫማ ከ18 እስከ 30 ዶላር ቢባል አልደነግጥም። ጥቁር ላስቲክ የለበሰው ከዚያ ላይ ከሩብ እስከ ሲሶ ይጨምራል። ስለዚህ የመሀሉ ሰው ከመንገድ አልወጣም። ርካሹ የሆነ ነገር ቀንሷል፣ ውዱ የሆነ ነገር ጨምሯል። ምን እንደሆነ ማወቅ ነው የአንቺ ሥራ።

የጓሮሽን ቅርጽ አላየሁም። ግን 150 ጫማ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ጎን 8 ጫማ፣ ወደ ኋላ 42፣ በጀርባ 50፣ ተመልሶ 42፣ ከዚያ ወደ ቤቱ 8። እዚህ ላይ ማዕዘኖቹን፣ ግድግዳው ጋ ያሉትን ጫፎችና የበሩን ቋሚ ስትቆጥሪ 7 ወፍራም ቋሚ ይወጣል። በመሀል ደግሞ ቢበዛ በየ10 ጫማው ቀጭን ቋሚ ይገባል። በእያንዳንዱ ጎን 4፣ በጀርባም 4፣ ድምሩ 12። 7 እና 12 ሲደመር 19 ጉድጓድ ሆነ። ይቺን 19 ያዢልኝ፤ የአጥር ዋጋ የሚለያየው ከሁሉ በላይ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ዕቃውን ራስሽ ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ የሚባሉት የግንባታ ዕቃ መደብሮች ገብተሽ ብትገዢው ስንት ይሆናል? ቀለል ባለው ዕቃ ላስላልሽ። ባለ 50 ጫማ ጥቅል ሽቦ ሦስት ያስፈልግሻል፣ ወደ 300 ዶላር። 19ኙ ቋሚዎች ወደ 400። ከላይ የሚሄደው አግዳሚ ቱቦ 270 ገደማ። በሩ ከነማጠፊያው ከ100 እስከ 130። ቆቡ፣ ቀለበቱ፣ ብሎኑ፣ ማሰሪያ ሽቦው ሌላ 130። ኮንክሪቱ 300። ተደምሮ ታክስ ሳይጨምር 1,500 ዶላር አካባቢ ነው። ሠራተኛው ከጅምላ ሻጭ ስለሚገዛ ትንሽ ይቀንስለታል፣ ግን ያን ያህል አይደለም።

አሁን ወደ 2,400ው ተመለሺ። ከዕቃው በኋላ 900 ዶላር ይቀራል። በዚያ 900 ሁለት ሰው ሁለት ቀን ይሠራል፣ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል፣ ኢንሹራንስ ይከፈላል፣ የካውንቲ ፈቃድ ይወጣል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ትርፍ ይተርፋል። አይበቃም። ሰውየው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሒሳቡ ስለማይገጥም የሆነ ቦታ መቀነስ አለበት። የሚቀነሰው ደግሞ ዓይንሽ የማያየው ነው፣ እሱም ጉድጓዱ።

እኔ ለወፍራሙ ቋሚ 10 ኢንች ስፋት፣ 30 ኢንች ጥልቀት አስቆፍራለሁ። ለቀጭኑ 8 ኢንች በ30። በዚህ ልክ ባለ 50 ፓውንዱ የኮንክሪት ከረጢት ለቀጭኑ ሁለት፣ ለወፍራሙ ከሦስት እስከ አራት ይገባል። ለአንቺ ጓሮ ወደ 50 ከረጢት ማለት ነው፣ 2,500 ፓውንድ! ያንን ከመኪና አውርዶ፣ በጎን በኩል ባለች ጠባብ መንገድ ወደ ጓሮ የሚያስገባ ሰው ወገብ አለው። አቋራጭ የሚፈልገው 18 ኢንች ቆፍሮ አንድ አንድ ከረጢት ይደፋበትና 19 ከረጢት ይዞ ይመጣል። ሲጨርስ ሁለቱ አጥሮች ቁርጥ አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲፈታ ነው።

ለምን 30 ኢንች? በእኛ ካውንቲ ለቤት መሠረት የሚታሰበው የውርጭ ጥልቀት 30 ኢንች ስለሆነ ነው። አጥር ቤት አይደለም፣ ግን ውርጩ አይለይም። አፈራችን ብዙ ቦታ ሸክላማ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ውሃው በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ጎኑን ይዞ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ሥሩ አፈር ገብቶበት ተመልሶ አይወርድም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወጣል።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ሥራ ስጀምር የቀጠረኝ ሰው 16 ኢንች አስቆፍሮን፣ ኮንክሪቱንም ከላይ እንደ እንጉዳይ አስፍተን እንድንደፋ ያደርገን ነበር፣ «ያምራል» ብሎ። በሚቀጥለው መጋቢት አንዲት እናት ደወሉ። ሄጄ ሳይ የበሩ ቋሚ አራት ጣት ያህል ከመሬት ወጥቷል፣ ኮንክሪቱ እንደ ጥርስ ሥር ተጋልጧል፣ በሩ አይዘጋም። ያ ከላይ የሰፋው ኮንክሪት ለውርጩ ጥሩ መያዣ ሆኖለት ነበር። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ነው መሆን ያለበት። የእኚያ እናት ፊት አሁንም አይረሳኝም፤ ቅዳሜ በራሴ ጊዜ ሄጄ ነቅዬ ተከልኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ሳልለካ ኮንክሪት አላስደፋም። አንቺም ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ ሜትር ይዘሽ ውጪ። ማንም አይቆጣሽም።

ሁለተኛው ልዩነት የሽቦው ውፍረት ነው። የሚለካው በጌጅ ነው፣ ጌጅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የምታገኚው ብዙው 11.5 ጌጅ ነው፣ 2.87 ሚሊ ሜትር። ጠንካራው 9 ጌጅ ነው፣ 3.76 ሚሊ ሜትር። «አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም» ትይኝ ይሆናል፣ ግን ብረቱ የሚቆጠረው በክብደት ነው፤ ዘጠኙ ከአስራ አንድ ተኩሉ 70 በመቶ የሚበልጥ ብረት አለው። አንድ አንድ ቁራጭ በጣትሽ መሀል ይዘሽ ለማጠፍ ሞክሪ። ቀጭኑ እሺ ብሎ ይታጠፋል፣ ወፍራሙ ጣትሽን ያሳምምሻል። ልጅ የሚንጠላጠልበትና ውሻ የሚደገፍበት አጥር በቀጭኑ ቢሠራ በጥቂት ዓመት ሆዱ ይወጣል። ለአንቺ ጓሮ 11 ጌጅ ይበቃል ባይ ነኝ፣ 9 ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። 12.5 ከጻፉልሽ ግን ወረቀቱን መልሺላቸው።

ጥቁሩ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ እባክሽ ይቺን ልብ በያት። ላስቲክ የለበሰ ሽቦ «9 ጌጅ» ሲባል አንዳንዴ ከነላስቲኩ ተለክቶ ነው። ውስጡ ያለው ብረት 11 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 5,400 ያለሽ ሰውዬ ዋጋው የጥቁሩ ከሆነ «ውስጡ ያለው ብረት ስንት ጌጅ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልስልሻል።

ቋሚዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ለቤት የተለመደው ወፍራሙ 2 ከ3/8 ኢንች፣ ቀጭኑ 1 ከ5/8፣ የላይኛው አግዳሚ 1 ከ3/8 ነው። ግን ውጪው እኩል ሆኖ የቱቦው ግድግዳ ሊሳሳ ይችላል። በቁልፍ ኳ አድርጊው፤ ስሱ እንደ ቆርቆሮ ይጮሃል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ ከታች በኩል ዳር እስከ ዳር የምትወጠር ሽቦ። ርካሽ ናት። በርካሹ ዋጋ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የለችም። እሷ ከሌለች ውሻው አፍንጫውን ከታች ሰቅስቆ መረቡን ገልጦ ይገባል። ያንቺ ችግር ውሻ ስለሆነ ውሉ ላይ በግድ አስጽፊ። ሌላው ደግሞ የመረቡ ጫፍ ነው። አንዳንዱ ከላይ ተጠማዞ ሹል ሆኖ የሚወጣ አለ፣ አንዳንዱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ለልጅ ላይም ታችም የታጠፈው ነው የሚያስፈልገው።

ሥራው አልቆ ሳትከፍዪ በፊት መረቡን በእጅሽ ፈትሺ። አንዷን የሽቦ ዓይን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ አድርጊ። ሩብ ኢንች ገደማ ከተጠጋ ውጥረቱ ልክ ነው። ምንም ካልነቃነቀ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ በብርድ ጊዜ ብረቱ ሲኮማተር ቋሚውን ይጎትታል። ጣቶችሽ ከተገናኙ ደግሞ ላልቷል።

ዋጋ ለምን እንዲህ ከፍ አለ ብለሽ ከሆነ፣ ከብረቱ ነው። ወደ አሜሪካ በሚገባ ብረት ላይ በመጋቢት 2018 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፣ በሰኔ 2025 ደግሞ ለብዙዎቹ አገሮች ወደ 50 በመቶ አደገ። እዚህ የሚመረተውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ዋጋሽ «ለ15 ቀን ብቻ የሚጸና» ከተባለ ሊያስቸኩሉሽ ነው ብለሽ አትቆጪ፤ እኛንም ሻጩ እንደዚያ ነው የሚለን።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም አጥር ከተተከለ በኋላ ነቅሎ ማስተካከል ሁለት አጥር እንደመግዛት ነው። ሰፈርሽ ኤችኦኤ፣ ማለትም የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ካለው ከሁሉ በፊት እነሱን ጠይቂ። ቼይን ሊንክ ጭራሽ የማይፈቅዱ አሉ፣ ጥቁሩን ብቻ የሚፈቅዱም አሉ። ከዚያ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለአጥር ፈቃድ ይጠይቃል። ዋጋ የሰጡሽን ሰዎች «ፈቃዱን ማነው የሚያወጣው? ዋጋው ውስጥ አለ?» በያቸው። ቤትሽ መንገድ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ የሾፌር እይታ እንዳይከለል የሚል ተጨማሪ ደንብ አለ።

ወሰኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ቤት ስትገዙ ከወረቀቱ ጋር የተሰጣችሁ የቤቱ ሥዕል አለ፣ ሎኬሽን ድሮዊንግ የሚባለው። አውጥተሽ አንብቢው። ለአጥር ወሰን መነሻ እንዳይሆን ራሱ ላይ ተጽፎበታል። ቤቱ መሬቱ ውስጥ መሆኑን ለማሳየት ብቻ የተሠራ ነው፣ በጥቂት ጫማ ሊሳሳት ይችላል። የወሰን ምልክት ብረቶቹ መሬት ውስጥ ከተገኙ ጥሩ፣ ካልተገኙ ቀያሽ ያስፈልጋል። ቀያሹ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ሊጠጋ እንደሚችል አውቃለሁ፣ በዚህ በጀት ላይ ያማል። ከጎረቤት ጋር ወሰኑ ላይ ክርክር ከሌለና ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ዝለይው። ጥርጣሬ ካለ ግን ወይ ቀያሽ ጥሪ፣ ወይ አጥሩን ወደ ራስሽ ሳብ አድርገሽ አስተክዪ። ጎረቤቶችሽንም ከመቆፈሩ በፊት አናግሪያቸው። አንዱ ጎን ላይ ግማሹን ልክፈል ያለ ጎረቤት አጋጥሞኝ ያውቃል።

ከመቆፈሩ በፊት 811 መደወል ግዴታ ነው፤ መሬት ውስጥ ያሉትን መስመሮች የሚያሳዩሽ እነሱ ናቸው። ነፃ ነው። በሜሪላንድ ከጠራሻቸው ማግስት ጀምሮ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ትጠብቂያለሽ፤ መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይረጫሉ። ቀይ መብራት ነው፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ ሰማያዊ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ከቀለሙ አጠገብ በማሽን አይቆፈርም፣ በእጅ ነው። የሚያሳዩት ግን የድርጅቶቹን መስመር ብቻ ነው። የቀድሞው ባለቤት ራሱ ወደ ጓሮ የዘረጋው የመብራት ገመድ ወይም ለመጥበሻ የሳበው የጋዝ ቧንቧ ካለ እነሱ አያዩትም። ሻጩን ጠይቁ።

ክፍያውን በተመለከተ፦ በሜሪላንድ አጥር የሚሠራ ሰው የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፣ ኤምኤችአይሲ ይሉታል። ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተሽ ታያለሽ። ቀብዱ በሕግ ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ አይበልጥም። በ3,750 ላይ 1,250 ማለት ነው። «ግማሹን አሁን» ካለሽ ሕጉን አያውቅም ወይም አላከበረውም፣ ሁለቱም አይጠቅሙሽም። ፈቃድ ያለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ አቤት የሚባልበት የካሣ ፈንድ አለ፣ ፈቃድ ከሌለው ሰው ጋር ግን ያ በር ዝግ ነው። የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ያለ ውል የሰጠሽው ገንዘብ ቢጠፋ ገንዘቡም ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል። ለአገር ልጅ ሥራ ስጪ፣ ግን በውል።

ስለ ደቦው ደግሞ ባለቤትሽን አልቃወምም። ከባዱ ክፍል ቁፋሮው ነው። መቆፈሪያ ማሽን ለቀን በ100 ዶላር ገደማ ይከራያል፣ አራት ጎረምሳ ካለ 19 ጉድጓድ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ድንጋይና የዛፍ ሥር ካልገጠማችሁ። ቋሚዎቹን ተክላችሁ ኮንክሪቱ ጥቂት ቀን ይደርቅ፣ ሽቦውን በማግስቱ ለመወጠር አትቸኩሉ። ደቦ የሚበላሸው ውጥረቱ ላይ ነው። መረብ በእጅ አይወጠርም፣ መጎተቻ ያስፈልጋል፣ እሱም ይከራያል። ከዕቃው 1,500 ጋር ኪራዩን፣ የፈቃዱን ክፍያና የምሳውን ወጪ ስትደምሪው 1,800 ወይም 1,900 ላይ ያርፋል። ከ3,750ው ላይ 1,900 ዶላር ገደማ ተረፈሽ ማለት ነው። ካልለመዱት ግን ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበላል። መሀለኛ መንገድም አለ። ቁፋሮውንና ኮንክሪቱን በደቦ ሠርታችሁ፣ ሽቦውን፣ አግዳሚውንና በሩን ለባለሙያ መስጠት ይቻላል። አንዳንዱ አይቀበልም፣ ምክንያቱም የሰው ጉድጓድ ላይ ዋስትና አይሰጥም። እኔ ጉድጓዱን ለክቼ ካየሁት እቀበላለሁ።

እንግዲህ እኔ ብሆን ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልእክት እልክ ነበር፦ ሽቦው ስንት ጌጅ ነው፣ ቋሚው ስንት ኢንች ነው፣ ጉድጓዱ ስንት ኢንች ይጠልቃል፣ ከታች የምትወጠረው ሽቦ አለች ወይ፣ ፈቃዱን ማን ያወጣል፣ የተቆፈረውን አፈር ማን ይወስዳል። አፈሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን 19 ጉድጓድ አፈር ጓሮሽ ላይ ተከምሮ ቢቀር የሚያነሳው ባልሽ ነው። የመሀሉ ሰውዬ 30 ኢንች፣ 11 ጌጅ ወይም ከዚያ የሚወፍር፣ የታችኛውን ሽቦ ጨምሬ ካለ ለእሱ ስጪው። የ2,400ው ሰውዬ ይሄን ሁሉ በጽሑፍ ካረጋገጠልሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ግን ሜትርሽን ይዘሽ ቁሚ። 5,400ው ጥቁር፣ ውስጡ እውነተኛ 9 ጌጅ ከሆነ ዋጋው ውድ ቢሆንም የሌባ ዋጋ አይደለም፤ ጥቁሩ ከርቀት አይታይም፣ ዛፉንና ሣሩን ያሳልፋል፣ ላስቲኩም ከዝገት ይከላከላል። ለሦስት ዓመት ልጅና ለውሻ ግን ብርማው ይበቃል። የተረፈሽን ገንዘብ በሩ ላይ አውዪው።

በሩን ያልኩት በምክንያት ነው። በአጥር ላይ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው፣ ልጅ የሚወጣውም በእሱ ነው። ተራው መቆለፊያ ወደ ላይ ብቻ የሚነሳ ሹካ ነው፣ የሦስት ዓመት ልጅ በሳምንት ይማረዋል። ራሱ የሚዘጋ ማጠፊያና ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚሆን መቆለፊያ ጠይቂ። ጭማሪው ከ100 ዶላር ብዙም አይዘልም። የበሩ ሁለት ቋሚዎችም ወፍራም፣ ጉድጓዳቸውም ከሌሎቹ ጠለቅ ያለ ይሁን። ከመተከሉ በፊት ደግሞ የሣር ማጨጃችሁን ለኩ። 3 ጫማ በር አስተክለው ማጨጃው አልገባ ብሎ የጠሩኝ ሰዎች አሉ፣ 4 ጫማ አድርጊው።